የድሮውን አሳዩንና እንፍረድ

አዲስ ተከታታይ ድራማ ዩቲዩብ ላይ ተጭኖ ሰዓት ሳይሞላው ከሥሩ ሙግት ይጀመራል። አንዱ «ይሄም ድራማ ተብሎ! ሰው ለሰውን ያየ ሰው ይሄን ያያል?» ይላል። ሌላው «ከዚህስ የቱርኩ ይሻለኛል» ብሎ ወደ ቃና ይሄዳል። ከሪያድ ወይም ከቤሩት የምትጽፍ እህት «እኔ ግን ወድጄዋለሁ፤ ሥራ ጨርሼ ጋደም ስል የማየው እሱን ነው። ቀጣዩ ክፍል መቼ ነው?» ትላለች። ዕድሜው ገፋ ያለ የሚመስል ሰው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋዋል፦ «ቴሌቪዥንማ ድሮ ቀረ!»

ብዙ ሰው እነዚህን አስተያየቶች እንደ ወሬ ያልፋቸዋል። እኔ አላልፋቸውም። እዚህ አገር የቴሌቪዥንን ሥራ ቁጭ ብሎ የሚመዝን ሌላ አካል እምብዛም የለማ! መጽሐፍ ሲወጣ ይመረቃል፣ ዳሰሳ ይቀርብበታል፣ ሂስ ይጻፍበታል። ቴአትርም ቢሆን ቢያንስ በባለሙያዎች መካከል ይወራበታል። ለሁለትና ለሦስት ዓመት በየሳምንቱ ሳሎናችን ሲገባ የኖረ ድራማ ግን ሲያልቅ አለቀ ነው። ስለ እሱ የተባለ ቁም ነገር ብትፈልጉ የምታገኙት ተመልካቹ የጻፈውን ነው። ሐያሲው ተመልካቹ ነው። ችሎቱም እሱ ነው።

ይህ ችሎት ታዲያ አንድ ነገር ጎድሎታል። ከሳሽ አለ፣ ተከሳሽ አለ፣ ምስክርማ ሞልቷል። ኤግዚቢት ግን የለም።

«የድሮው ይሻል ነበር» የሚለው ሰው የድሮውን አውጥቶ ማሳየት አይችልም። «የአሁኑ ይበልጣል» የሚለው ወጣት ደግሞ የድሮውን አላየውም። ሁለቱም የሚሟገቱት ፊታቸው ስለሌለ ነገር ነው። ስለዚህ ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቆየ ማህደር ለሕዝብ ይከፈት። ይህን የምጠይቀው ለትዝታ ብቻ አይደለም። ዛሬ የሚሠራው ድራማ እንዲሻሻል፣ ትናንት የሠሩትም የድካማቸውን እንዲያገኙ ከተፈለገ መነሻው እዚያ ነው። ጊዜውም እያለቀ ነው።

▪️ «ድሮ» ስንል የቱን ነው?

ቴሌቪዥን እዚህ አገር ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ቴሌቪዥን ማለት አንድ ጣቢያ ማለት ነበር። በንጉሡ ጊዜ በጥቁርና ነጭ ተጀመረ፤ በደርግ ጊዜ፣ በ1977 አካባቢ፣ ወደ ቀለም ተሸጋገረ፤ በኢሕአዴግ ጊዜ ከአማርኛው ጎን በአፋን ኦሮሞና በትግርኛም አሰራጨ። ሦስት መንግሥት ሲፈራረቅ ጣቢያው ያው ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ሰውም በየዓመቱ የፈቃድ ክፍያ ይከፍል ነበር። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በዚያ ጣቢያ ምን አየን? ቅድሚያ የሚመጡት አባባ ተስፋዬ ናቸው። ተስፋዬ ሣህሉ ከጣቢያው ምሥረታ ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ተርተዋል። እናትና አባት በልጅነታቸው ያዩዋቸውን ሰው፣ ልጆቻቸውም በተራቸው እግራቸውን አጣጥፈው አይተዋቸዋል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር ያዘነው ለዚህ ነው።

እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ቀርበዋል ብንል እንኳ፣ በ40 ዓመት ውስጥ ከ2,000 በላይ ዝግጅት ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ እናንተ ዛሬ ማታ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ፣ ከሰላምታው እስከ ስንብቱ ሙሉውን ልታሳዩት የምትችሉት ስንቱን ነው? እጃችን ላይ ያለው ከዚህም ከዚያም የተቆራረጠ፣ ምስሉ የደበዘዘ፣ ድምፁ የሚንሿሿ ቁርጥራጭ ነው። ለአንድ ሙሉ ትውልድ አስተዳደግ አስተዋጽኦ አድርገዋል የምንላቸውን ሰው ሥራ የያዝነው በዚህ መልክ ነው።

ከእሳቸው ቀጥሎ የእሑድ መዝናኛው አለ። ልመንህና አለባቸው አሉ፣ ደረጀና ሀብቴ አሉ፣ የአለቤ ሾው አለ። ዶሮው ተበልቶ ቡናው ሲፈላ የሚታየው የበዓል ዝግጅት አለ። ወደ ቅርቡ ስንመጣ ገመና፣ ሰው ለሰው፣ ዳና፣ ቤቶች እያልን እንቆጥራለን። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ከድራማው ወጥቶ መንደር ውስጥ የገባ ስም ነበር፤ አንድን ሰው ክፉ ነው ለማለት «አስናቀ ነው» ማለት ይበቃ ነበር። እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ በየዓመቱ አይፈጠርም። ይሄን አልክድም።

▪️ ትዝታ ለዘፈን እንጂ ለፍርድ አይሆንም

ነገር ግን ትዝታ ፍርዱን በሁለት በኩል ያዛባዋል።

አንደኛ፣ ሰው የሚያስታውሰው መርጦ ነው። ከረጅሙ ድራማ የሚቀረን የአስናቀ አነጋገር፣ አንድ የጦፈ ጠብ፣ አንድ የተላቀስንበት ምሽት ነው። ለሦስት ሳምንት ፈቀቅ ያላለው ታሪክ፣ ሰው ቤት ገብቶ «እንደምን ዋላችሁ» ለመባባል ብቻ አምስት ደቂቃ የፈጀው ትዕይንት፣ ማይክራፎኑ የነፋሱን ድምፅ ይዞ ንግግሩን የተወበት ቀን ተረስቷል። የአሁኑ ድራማ ግን ከነጉድፉ ፊታችን አለ። የትናንቱ ችሎት ፊት የሚቀርበው የክት ልብሱን ለብሶ ነው፤ የዛሬው ግን ከሥራ እንደመጣ፣ ከነአቧራው። ይሄ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በተቃራኒውም አለ። ቲክቶክ ላይ ሠላሳ ሰከንድ የምትሆን የድሮ ትዕይንት ቆርጦ፣ ፀጉር አሠራሩንና አነጋገሩን እያሳየ የሚያስቅ ወጣት ሞልቷል። እሱም ቢሆን አልፈርድበትም። ከዚያች ሠላሳ ሰከንድ በፊትና በኋላ ምን እንደነበረ ማን አሳየው?

ሁለተኛ፣ «የድሮው ይሻል ነበር» ስንል ስለ ድራማው እያወራን ላይሆን ይችላል። አንድ ጣቢያ ብቻ ሲኖር አገር ሁሉ የሚያየው አንድ ነገር ነው። ቴሌቪዥን የሌለው ጎረቤት ዱካ ይዞ ይመጣል፤ ሰፈሩ በአንድ ሳሎን ወይም በቀበሌ አዳራሽ ይሰበሰባል፤ በማግስቱ መሥሪያ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ወሬው ያው ነው። ዛሬ እዚያው አንድ ቤት ውስጥ እናት የቱርክ ድራማ፣ አባት ዜና፣ ልጅ ስልኩ ላይ የእንግሊዝ ኳስ ያያሉ። የናፈቀን የቱ ነው? ድራማው ነው ወይስ አብረን ማየታችን? ይሄን መለየት የሚቻለው ያንኑ ድራማ ዛሬ፣ ብቻችንን፣ ያለ ጎረቤቱና ያለ ቡናው ደግመን ስናየው ነው። አይተን «አሁንም ይሻላል» ካልን ይሻላል ማለት ነው። ካልተገኘ ግን የምናወራው ስለ ልጅነታችን ነው።

ሌላም የምንረሳው ነገር አለ። አባባ ተስፋዬን የሰጠን ጣቢያ ማለቂያ የሌለው የስብሰባ ዜና፣ የባለሥልጣን ጉብኝትና ያለፈውን መንግሥት የሚራገም ዶክመንተሪም ሰጥቶናል። «ድሮ ነበር ቴሌቪዥን!» ስንል ያንን ቆርጠን ጥለን ነው። ማህደሩ ቢከፈት ናፍቆታችንን ያረካል ብቻ ሳይሆን ያርመዋልም።

▪️ የቃና ሙግት ያስተማረን

በ2008 ዓ.ም. ቃና ሥራ ሲጀምር የሆነውን አስታውሱ። የፊልምና የቴአትር ሙያ ማህበራት ተሰባስበው ተቃውሞ አሰሙ። በአማርኛ የተተረጎመ የውጭ ድራማ ባህል ይበርዛል፣ የአገር ውስጥ ባለሙያን እንጀራ ይነጥቃል አሉ። ተመልካቹ በበኩሉ ሪሞቱን አንስቶ መልሱን ሰጠ፤ ኩዚ ጉኒንና ጥቁር ፍቅርን እያየ አመሸ። «እናንተ የተሻለ ሥሩና እናያለን» የሚለው ቃል በየሻይ ቤቱ ይሰማ ነበር።

ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ለአንድ ክፍል የሚመደበው ገንዘብ የሰማይና የምድር ያህል ከሚራራቅ ሥራ ጋር በእኩል ተወዳደር መባል ከባድ ነው። ተመልካቹም ደግሞ ለአገር ፍቅር ሲል ብቻ ደካማ ድራማ የማየት ግዴታ የለበትም።

እኔን ግን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሙግት «የኢትዮጵያ ድራማ» ተብሎ የተከሰሰው የዚያ ዓመት ድራማ ብቻ ነበር። ቴሌቪዥናችን ያኔ 50 ዓመት አልፎታል። የ50 ዓመት ሥራ ያለው ሙያ ራሱን ሲከላከል አንድም ቆየት ያለ ሥራ አውጥቶ «ይኸው፣ እንዲህም ሠርተን እናውቃለን» ሊል አልቻለም። ምሽት ላይ ከቃና ትይዩ የቆዩ ምርጥ ሥራዎችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደርድሮ ያሳየ ጣቢያ አላየሁም። ባለሙያዎቻችን በመግለጫ ተከራከሩ፤ ቱርኮቹ በድራማ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀይሯል። ጣቢያው በዝቷል፣ ተመልካቹ ሰሃኑን እያዞረ ይመርጣል፣ የአገር ውስጥ ተከታታይ ድራማ እንደ አሸን ፈልቷል። ጥሩም ተሠርቷል። ሦስት ሴቶች የጻፉት፣ በአርትስ ቴሌቪዥን የታየው እረኛዬ ብዙ ተመልካች ስለ ንግግር አጻጻፍ፣ ስለ ትወና፣ ስለ ካሜራ እንዲያወራ አድርጓል። «ወደድኩት» ብቻ ሳይሆን «እዚያ ክፍል ላይ እንዲህ ያለችው ቀድሞ ተዘርቶ ነበር» የሚል ተመልካች አየን። ይሄ ሂስ ነው! ተመልካቹ ይህን ማድረግ የቻለው ወደኋላ ተመልሶ ማየት ስለቻለ ነው። ፋና ላይ ይተላለፍ የነበረው ምን ልታዘዝም እንዲሁ ነው። በአንዲት ካፌ ውስጥ የአገሩን ፖለቲካ ያሾፍበት ነበር፤ የ2010 እና የ2011ን ድባብ ማወቅ የሚፈልግ የነገ የታሪክ ተማሪ ከስንት ጋዜጣ ይልቅ እሱ ይጠቅመዋል፤ እስኪፈልገው ድረስ ከቆየለት ማለት ነው።

▪️ ካሴቱ እየሞተ ነው

«እስከሚፈልገው ከቆየለት» ያልኩት ለማሳመር አይደለም።

የቆየ የቴሌቪዥን ሥራ ያለው በፊልምና በማግኔት ቴፕ ነው። ማግኔት ቴፕ ዕድሜ አለው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ይሻግታል፣ ይጣበቃል፣ ምስሉን ይለቃል። ከቴፑም በላይ ማጫወቻው ችግር ነው። በቤት ውስጥ የምናውቀውን የቪኤችኤስ ማጫወቻ እስከ መጨረሻው ሲሠራ የነበረው የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረቱን አቁሟል። የጣቢያዎቹ ትልልቅ ማጫወቻዎችም መለዋወጫቸውም፣ መጠገን የሚችለው ሰውም እየጠፋ ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ማህደር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጽሑፍ እስከ 2025 ድረስ ወደ ዲጂታል ያልተገለበጠ የማግኔት ቴፕ አብዛኛው እንደጠፋ ይቆጠር ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ቀኑ ደርሷል።

አዲሱም ቢሆን አስተማማኝ አይመስላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለምጽፈው ነገር የአንድ ድራማ የመጀመሪያ ክፍሎች አስፈልገውኝ ድራማውን የሠራውን ድርጅት ጠይቄ ነበር። ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል አሉኝ። «እኛም ሲያስፈልገን የምናየው ዩቲዩብ ላይ ያለውን ነው» አሉ። እሱን የጫነው ደግሞ የማያውቁት ሰው ነው፤ ከቴሌቪዥን ቀድቶ። ባለቤቱ የገዛ ሥራውን ከወሰደበት ሰው እየለመነ የሚያይበት አገር ነው ያለነው።

ይሄ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። ቢቢሲ እንኳ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቴፕ ውድ ነው፣ ቦታም ይይዛል እያለ ብዙ ሥራውን ደምስሶ ሌላ ቀርጾበታል። ዶክተር ሁ ከሚባለው ታዋቂ ተከታታይ ድራማው ምስላቸው የጠፋ በርካታ ደርዘን ክፍሎች አሉ። የሚገርመው ግን የጠፉት ክፍሎች ድምፃቸው አለ። ማን አተረፈው? ተመልካቹ! ቴፕ ሪከርደራቸውን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጠው ድምፁን የቀዱ ተራ ሰዎች ናቸው። ግዙፉ ተቋም የጣለውን ሳሎን ውስጥ የነበረው ሰው አስቀረው። እኛ ዘንድስ ስንቱ ተደምስሶ ስንቱ ተርፏል? ይህን የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ይውጣ።

▪️ «ግን እኮ…»

ይህን ሐሳብ ሳነሳ ሦስት መልስ ይሰጠኛል። ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

አንደኛው «የቅጂ መብትስ?» የሚል ነው። ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲውም ለተዋናዩም መብት ሰጥቷል። ስለዚህ ማህደሩ ይከፈት ስል በነፃ ይበተን ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ዛሬ ያለውን ሁኔታ እዩት። አንጋፋ ተዋናይ ሲታመም የባንክ ቁጥር ይለጠፋል፣ እኛም የአቅማችንን እናዋጣለን። በዚያው ሳምንት የዚያው ተዋናይ የድሮ ትዕይንት በአንድ ስሙ በማይታወቅ ቻናል ላይ ማስታወቂያ እየበላ ይታያል። ተዋናዩ ሳንቲም አይደርሰውም። ባለቤቱ ራሱ አጽድቶ፣ ስማቸውን ጽፎ፣ ሙሉውን ቢያወጣውና ከገቢው ቢያካፍላቸው ልመናው ቀርቶ ክፍያ ይሆናል። መብታቸው የሚጣሰው አሁን፣ በሩ ተዘግቶ ባለበት ነው።

ሁለተኛው «ገንዘብ የለም» ነው። ሥራው ርካሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፈረንሳዮች ለዚሁ ሥራ ብቻ የድምፅና የምስል ተቋም አቋቁመው ከ1975 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሠራሉ፤ ማህደራቸውን በኢንተርኔት ለሕዝብ የከፈቱት በ2006 ነው። የሠላሳ ዓመት ሥራ ነው። እኛም በአንድ ዓመት እንጨርስ አላልኩም። ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዝርዝር ነው። ምን አለ? መቼ ተሠራ? እነማን ሠሩት? ቴፑ በምን ሁኔታ ላይ ነው? ይሄን ለመጻፍ የሚያስፈልገው ጥቂት ሰው፣ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ነው። ዝርዝሩ ካለ የትኛው ቶሎ ይገልበጥ፣ የትኛው ይቆይ ማለት ይቻላል። ያኔ ዩኒቨርሲቲም፣ ለጋሽም፣ ባለሀብትም «ይቺን እኔ ላሠራ» ሊል ይችላል። ለማይታወቅ ነገር ገንዘብ የሚሰጥ የለም።

የፈቃድ ክፍያዋን ያዙልኝ ብዬ ነበር። እነዚያ ሥራዎች የተሠሩት ባለ ቴሌቪዥኑ በየዓመቱ በከፈለው፣ ቴሌቪዥን የሌለውም ግብር ከፋይ ባዋጣው ገንዘብ ነው። ተመልካቹ ለጣቢያው እንግዳ አይደለም። የከፈለበትን ልይ ማለቱ ልመና አይባልም።

ሦስተኛውን መልስ ጮክ ብሎ የሚናገረው የለም፤ ግን አለ። ማህደሩ ውስጥ ያለው ድራማ ብቻ አይደለም። በየዘመኑ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ለማን እንዳጨበጨበ፣ ትናንት «ፀረ ሕዝብ» ተብሎ የተወገዘ ማን እንደሆነ አለ። የሚያፍር ሰው ይኖራል። ለእነሱ ያለኝ መልስ አጭር ነው፦ በመዝናኛው እንጀምር። የልጆች ተረት፣ አስቂኝ ጭውውት፣ ድራማና የበዓል ዝግጅት ማንንም አያሳፍርም። ዜናው ግን የተመራማሪ መብት ነው፤ ውሎ አድሮ መከፈቱ አይቀርም፣ መከፈትም አለበት።

▪️ ምን ይደረግ?

ለጣቢያዎቹ፦ ዝርዝሩን አውጡ። በሳምንት አንድ ምሽት ለቆየ ሥራ ስጡ። ቆራርጣችሁ ከትዝታ ወሬ ጋር ሳይሆን ሙሉውን፣ ከነተሠራበት ዓመተ ምሕረት፣ ከነደራሲው፣ ከነካሜራ ባለሙያው ስም። አልፎ አልፎ ለበዓል የምታሳዩን ቁራጭ አፍ ያሟሽ እንደሆነ እንጂ አያጠግብም።

ለመንግሥት፦ አሳታሚ መጽሐፍ ሲያሳትም ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ቅጂ እንዲያስገባ ይጠበቅበታል። የቴሌቪዥን ድራማም ከመጽሐፍ አያንስም። ፈቃድ የወሰደ ጣቢያ ሁሉ በየዓመቱ ከሠራው የተወሰነውን፣ ጥራቱን በጠበቀ ቅጂ፣ ከጣቢያው ውጭ በሆነ ቦታ ማስቀመጥ ግዴታው ይሁን። ጣቢያ ይዘጋል፣ ይሸጣል፣ ስሙን ይቀይራል፤ ሃርድ ዲስክም ይቃጠላል።

ለባለሙያዎች፦ ተማሪዎቻችሁ ከኮሪያና ከቱርክ ድራማ ብቻ እየተማሩ ከሆነ ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም። ከእናንተ በፊት የነበረው ጸሐፊ ትዕይንትን እንዴት እንደከፈተ፣ ሳቅን እንዴት እንደገነባ፣ ያለ ገንዘብ እንዴት እንደተወጣው የሚያዩበት ነገር ስጧቸው። እያንዳንዱ ትውልድ ከዜሮ የሚጀምርበት ሙያ አያድግም።

ለእኛ ለተመልካቾች፦ እስቲ ቡፌውን ክፈቱት። የሠርግ ካሴቶቹ ጀርባ አንድ ሁለት «የበዓል ፕሮግራም» የተባለች የቪኤችኤስ ካሴት አትጠፋም። በተለይ ዋሽንግተንና አካባቢው ያላችሁ፤ ያኔ ከአገር ቤት የሚመጣው ድራማ በካሴት ሱቅ ውስጥ ይሸጥና ይከራይ በነበረበት ዘመን የገዛችሁት ነገር ምናልባት ሌላ ቦታ የሌለ ይሆናል። ሻግታ ከሆነ ማጫወቻ ውስጥ አትክተቷት፣ ሳታበላሹ ለሚያውቅ ሰው ስጡ። ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጡ ቪዲዮ ቤቶች አሁንም አሉ። ነገ ላይኖሩ ይችላሉ።

አስተያየት ስንሰጥም ትንሽ እንጨምርበት። «ደባሪ ነው» ከማለት የቱ ክፍል፣ የቱ ትዕይንት፣ ለምን እንደደበረን እንጻፍ። «የድሮው ይሻላል» ስንል የቱ የድሮ፣ በምኑ እንደሚሻል እንናገር። ደራሲዎቹ አስተያየታችንን ያነባሉ። ምናልባት ከማንም በላይ የሚያነቡት እነሱ ናቸው።

በነገራችን ላይ እኔ «የድሮው ይሻላል» ወይም «የአሁኑ ይሻላል» ብዬ እዚህ ያልፈረድኩት ለማስማማት ብዬ አይደለም። አንዱን ወገን ብቻ አይቶ የፈረደ ዳኛ ዳኛ ስላልሆነ ነው። ማስረጃው ይቅረብልን፣ ከዚያ በኋላ ስንከራከር እናድራለን።

ቸር እንሰንብት!